ፎርማት ከማለት በፊት

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እህቴ ቤት ቡናው ሁለተኛው ደርሷል። ልጇ ላፕቶፑን በሁለት እጇ አቅፋ ከመኝታ ቤት ወጣችና ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ጋሼ፣ ጽሑፌ ጠፋ» አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

የዘንድሮ ተመራቂ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏን ለአማካሪዋ የምታስረክበው ረቡዕ ነው። አራት ወር የለፋችበት ሥራ ያለው በአንዲት 8 ጂቢ ፍላሽ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ የተቀመጠው የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነው። ፍላሹን ስትከፍተው የፎልደሮቹ ስም ሁሉ በቦታው አለ፤ «ምዕራፍ 1»፣ «ምዕራፍ 2»፣ «መጠይቅ»፣ «ፎቶ»። ነገር ግን በእያንዳንዱ ፎልደር ምስል ግርጌ፣ በስተግራ ጥግ፣ ቀድሞ ያልነበረች ትንሽ ቀስት በቅላለች። መጠናቸው ሲታይ አንዳቸውም ከ2 ኪሎ ባይት አይበልጡም። «ምዕራፍ 3»ን ስትጫነው ጥቁር መስኮት ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

ከእኔ በፊት ለሁለት ጓደኞቿ ደውላለች። ሁለቱም የሰጧት መልስ አንድ ነው፤ «ፎርማት አስደርጊው።»

ይህን ቃል በአዲስ አበባ ያልሰማ የኮምፒውተር ባለቤት ያለ አይመስለኝም። ማሽኑ ሲዘገይ ፎርማት፣ ማስታወቂያ ሲበዛ ፎርማት፣ ፍላሽ አልከፍት ሲል ፎርማት። ቃሉ የምርመራ ውጤት መስሎ ይነገራል። ነገር ግን ሕመምተኛው ምኑን እንዳመመው እንኳ ሳይጠየቅ የሚታዘዝ ቀዶ ጥገና ነው። ስንት የሠርግ ፎቶ፣ ስንት የሟች ወላጅ ድምፅ፣ ስንት የጥናት ጽሑፍ በዚህ ቃል እንደጠፋ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ያን ቅዳሜ ካየሁት ተነስቼ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ቫይረስ ገባብኝ ብሎ የጠረጠረ ሰው «እንዴት ላጥፋው?» ከማለቱ በፊት «ከየት መጣ?» ብሎ ይጠይቅ።

መጀመሪያ ታሪኩ

ኮምፒውተር መጠገን ከጀመረ ከ15 ዓመት በላይ ለሆነው ወዳጄ ደወልኩ። ጉዳዩን እንደሰማ ሦስት ነገር ብቻ አለኝ፤ «ዋይፋዩን አጥፉ። ፍላሹን ንቀሉ። ምንም ነገር ዲሊት እንዳታደርጉ። መጣሁ።»

ሦስቱም ምክንያት አላቸው። ኢንተርኔት ለአጥፊ ፕሮግራም መውጫም መግቢያም ነው፤ የሰረቀውን ያወጣበታል፣ አዲስ ትእዛዝ ይቀበልበታል። ሲዘጋ ሁለቱም ይቋረጣሉ። ፍላሹ ሲነቀል ደግሞ ያልተነካው ሁሉ ከመነካት ይተርፋል። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ ጠፋ የተባለ ፋይል ብዙ ጊዜ አልጠፋም፣ በእውነት የሚያጠፋው በድንጋጤ የሚቸኩል የባለቤቱ እጅ ነው።

ወዳጄ እንደገባ እህቴ ስኒ አቀረበችለት። «እጠጣለሁ እትዬ፣ ግን መጀመሪያ ልጅቷ ታውራልኝ» ብሎ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠ። ላፕቶፑን አልነካውም።

«መቼ ነው የጀመረው?»

«ያየሁት ዛሬ ጠዋት ነው።»

«ፍላሹ ውጭ የተሰካው መቼ ነው?»

«ሐሙስ፣ ግቢ በር ላይ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት። ምዕራፍ 3ን ፕሪንት ላስደርግ።»

«ከዚያ ወዲህስ ማን ነካው?»

«ትናንት ወንድሜ ፊልም ሊገለብጥበት ወስዶት ነበር።»

«ላፕቶፑ ላይ በቅርብ የጫንሽው ፕሮግራምስ አለ?»

ልጅቷ ዝም አለች። እናቷን አየች፣ እኔን አየች። እህቴ ከረከቦቱ ቀና ሳትል «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለች።

ነገሩ ወጣ። ባለፈው ወር ለመጠይቁ ትንተና የስታቲስቲክስ ፕሮግራም አስፈልጓት፣ ክራክ የተደረገውን ከአንድ የቴሌግራም ቻናል አውርዳለች። ከፋይሉ ጋር የመጣው መመሪያ የመጀመሪያ መስመር «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል። አጠፋችው። መልሳ አልከፈተችውም።

ወዳጄ አልተቆጣትም። «አሁን ታሪኩ ሞላ» አለ። «ቫይረሱ ሐሙስ መጣ። በሩ ግን የተከፈተው ባለፈው ወር ነው።»

ከቀስቷ በስተጀርባ

ኢንተርኔቱ እንደተዘጋ ፍላሹን መልሶ ሰካው። አንዱንም ፎልደር አልከፈተም። የፍላሹን ስም በቀኝ ጠቅታ ነክቶ ፕሮፐርቲስ የሚለውን አመጣ። ክቡ ሥዕል 3.1 ጂቢ ተይዟል ይላል።

«እዪ» አላት። «የሚታዩት ፎልደሮች ተደምረው 20 ኪሎ ባይት አይሞሉም። ፍላሹ ግን 3 ጂቢ ተሸክሟል። ይህ ሸክም የማን ነው?»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። «የኔ ነው!»

የሷ ነው። በተለምዶ ሾርትከት ቫይረስ የምንለው ይህ ነው። እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ይደብቃል፣ በየቦታቸው ተመሳሳይ ስም ያለው አቋራጭ ይተክላል። ወዳጄ የ«ምዕራፍ 3»ን አቋራጭ ፕሮፐርቲስ ከፍቶ ታርጌት የሚለውን ሳጥን አሳየን። እዚያ መኖር የነበረበት የፎልደሩ አድራሻ ነው። የተጻፈው ግን የዊንዶውስን የትእዛዝ መስኮት ጠርቶ አንድ የተደበቀ ስክሪፕት እንዲያስነሳ የሚያዝ ረጅም መስመር ነው። ያ ብልጭ ብሎ የሚጠፋው ጥቁር መስኮት ይህ ነበር። አንዳንዶቹ ስክሪፕቱን ካስነሱ በኋላ እውነተኛውን ፎልደር ስለሚከፍቱ ባለቤቱ ለወራት ምንም ሳይጠረጥር ይቆያል። የሷ ግን ደብቆ ዝም አለ። ሐሙስ የገባው ቅዳሜ የታወቀው በዚህ ነው።

የሾርትከት ዘዴ ከየት እንደመጣ ማወቅ መከላከያውንም ያሳውቃል። ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ በሚዞር ዕቃ መጓዝ የቫይረስ የቆየ ልማድ ነው። በአይቢኤም ዓይነት የግል ኮምፒውተሮች ዘንድ ቀድሞ የተሰራጨው ብሬን የተባለው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1986 በፓኪስታኗ ላሆር በሁለት ወንድማማቾች የተሠራ ሲሆን፣ ይጓዝ የነበረው በፍሎፒ ዲስክ ነው። ወንድማማቾቹ ስማቸውንና አድራሻቸውን በውስጡ ጽፈው ነበር፤ ዓላማቸው ፕሮግራማቸውን ሳይከፍል የሚገለብጥን ሰው ማግኘት እንደነበር ተናግረዋል።

ፍሎፒው በፍላሽ ተተካ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 የታየው ኮንፊከር የተባለው ትል (ራሱን እያባዛ የሚዛመት ቫይረስ) ከሚዛመትባቸው መንገዶች አንዱ ኦቶራን ነበር፤ ፍላሽ ሲሰካ ዊንዶውስ በውስጡ ያለውን ፕሮግራም በራሱ የሚያስነሳበት አሠራር ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ በአፕዴት አማካይነት ይህን በር በቆዩት ዊንዶውሶች ላይ ጭምር ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ፍላሽ መሰካት ብቻውን በአብዛኛው አይበቃም፤ አንድ ሰው ጠቅ ማድረግ አለበት። ሰው ደግሞ ያለ ማመንታት ጠቅ የሚያደርገው በራሱ ስም የጠራውን ፎልደር ነው። ቀስት ያለባት «ምዕራፍ 3» የሷን ጣት ለመዋስ የተዘረጋች ወጥመድ ናት ማለት ነው።

ይህ ቀላል የመንደር ችግር አይደለም። በፍላሽ ከሚዛመቱት የቫይረስ ቤተሰቦች አንዱ የሆነውን አንድሮሜዳን የሚቆጣጠረው መረብ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 በዩሮፖልና በአሜሪካው ኤፍቢአይ የጋራ ዘመቻ ሲፈርስ፣ ዩሮፖል እንዳስታወቀው ከዚያ በፊት በነበሩት ስድስት ወራት በየወሩ በአማካይ ከ1 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተሮች ላይ ይገኝ ነበር።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

ልጅቷ የተደበቁትን ፎልደሮች ቶሎ አውጣልኝ ብላ ትወተውታለች። ወዳጄ እጁን አነሳ። «አሁን ባወጣቸው ላፕቶፑ ውስጥ ያለው መልሶ ይደብቃቸዋል። መጀመሪያ የሚደብቀውን እናስቁም።»

ታስክ ማናጀርን ከፈተ። በረጅሙ ዝርዝር ውስጥ ጣቱን ያሳረፈው ስክሪፕት የሚያስኬደው የዊንዶውስ ፕሮግራም ላይ ነው። ይህ ፕሮግራም ራሱ ጥፋተኛ አይደለም፤ የተሰጠውን የሚያነብ አንባቢ ነው። የሚጠየቀው ምን እያነበበ እንደሆነ ነው። የትእዛዝ መስመሩን ሲያይ ማንም ሊጠራው የማይችል፣ በዘፈቀደ የተደረደሩ ፊደላት ስም ያለው ፋይል ላይ ደረሰ። ስሙንና ያለበትን ቦታ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሥራውን አስቆመው። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን ዝርዝርና በሰዓት የሚቀሰቀሱ ሥራዎች የሚቀመጡበትን ታስክ ስኬጁለር አየ። ያው ስም በሁለቱም ቦታ አለ። ሁለቱንም አሰናከለ። የሚቸኩሉ ሰዎች ሳያዩት የሚያልፉት ይህን ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ ያጠፋ ሰው ኮምፒውተሩ እንደተነሳ መልሶ ያገኘዋል።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ አንቲቫይረሱ የሄደው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ዲፌንደር የተባለ መከላከያ በነጻ ይዘው ነው የሚመጡት። መልሶ አበራው፣ ዋይፋዩን ለአፕዴት ያህል ብቻ ከፈተ፣ ከዚያም የኦፍላይን ስካን አዘዘው። በዚህ አሠራር ኮምፒውተሩ ዊንዶውስን ሳያስነሳ ይመረመራል፤ ሌባው ሳይነቃ ቤቱ ይፈተሻል እንደማለት ነው። 15 ደቂቃ ያህል ወሰደ። ያን ጊዜ ነው ወዳጄ ቡናውን የጠጣው።

ውጤቱ ሁለት ነገር አሳየ። አንዱ የፍላሹ ትል ነው። ሌላው ከስታቲስቲክሱ ክራክ ጋር የመጣና በብራውዘር ላይ የተቀመጡ ፓስወርዶችን የሚሰርቅ ፕሮግራም ነው። ልጅቷን ያስለቀሳት የመጀመሪያው ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ሁለተኛው፤ አንድ ወር ሙሉ ተቀምጦ አንዲት ቀስት እንኳ አላሳየም።

የተደበቁትን ፋይሎች መመለሱ ከሁሉም ቀላሉ ሆነ። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ፋይል «ድብቅ» እና «የሲስተም» የሚል ምልክት ሊያኖር ይችላል። ሁለቱም ሲደመሩ ድብቅ ፋይሎችን አሳይ ቢሉት እንኳ በቀላሉ አይታዩም። ወዳጄ አትሪብ በሚባለው የቆየ የዊንዶውስ ትእዛዝ በአንድ መስመር ምልክቶቹን ከፍላሹ ላይ አነሳ። ስክሪኑ ላይ «ምዕራፍ 1»፣ «ምዕራፍ 2»፣ «ምዕራፍ 3» ቀስት ሳይኖራቸው ተደረደሩ። እህቴ ስኒዋን አስቀምጣ እልል አለች።

ጮኾ የሚያስጠረጥርና ዝም ብሎ የሚሰርቅ

ነገሩ ደግ ሆኖ ሲያልቅ እህቴ የራሷን አወጣች። ሳሎን ጥግ ያለው ዴስክቶፕ «5 ቫይረስ ተገኝቷል» እያለ በቀኝ ግርጌ መልእክት ማውጣት ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ የሚደወልበት ስልክ ቁጥርም ይሰጣል። ልትደውል ነበር።

ወዳጄ ብራውዘሩን ከፍቶ መልእክት የመላክ ፈቃድ ያላቸውን ድረ ገጾች ዝርዝር አሳያት። አንድ ቀን አንድ ገጽ «ፍቀድ» ሲላት ፈቅዳለታለች፤ ያ ገጽ ነው የሚጮኸው። ፈቃዱን አነሳ፣ ጩኸቱ ቆመ። ቫይረስ አልነበረም። ወደ ስልክ ቁጥሩ ብትደውል ግን ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነበር፤ በዚያ መስመር የሚያነሱት ሰዎች ኮምፒውተሩን ከርቀት እንዲቆጣጠሩ ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ ከዚያም ገንዘብ።

የዘገየ ኮምፒውተር ሁሉም ቫይረስ የለበትም። ሊሞት የደረሰ ሃርድ ዲስክ፣ አቧራ የዘጋው ማራገቢያ፣ ለዛሬ ብራውዘር የማይበቃ 4 ጂቢ ሜሞሪ ያው ምልክት ያሳያሉ። በተለይ ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ከሆነ ፎርማት የመጨረሻውን ዕድል ይወስዳል። ምንም ሳይከፈት ፕሮሰሰሩ ያለ እረፍት ሲሠራ፣ አንቲቫይረሱ በራሱ ሲጠፋ፣ ባለቤቱ ያልላከው መልእክት ከአካውንቱ ሲወጣ ግን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከሁሉም የከፋው ምልክት የሌለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በዋሽንግተን የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ ያቀረበ፣ ለደህንነቱ ሲባል ኪዳኔ በሚል ተለዋጭ ስም የተጠራ የሜሪላንድ ነዋሪ የሆነ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነበር። እንደ ክሱ፣ በኢሜይል የመጣ የዎርድ ሰነድ ሲከፈት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ቤቱ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ለወራት የስካይፕ ጥሪዎቹን ሲቀዳና የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀም ሲከታተል ቆይቷል። ክሱ በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ የቀረበ ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በማርች 2017 የውጭ መንግሥትን ያለመከሰስ መብት ጠቅሶ አልተቀበለውም። ከጉዳዩ ለቤተሰብ የሚቀረው ትምህርት ይህ ነው፤ አንድ ሰነድ መክፈት የአንድን ቤት ሳሎን ለሌላ ሰው ጆሮ ሊከፍት ይችላል።

የፓስወርድ ሌባ የተገኘበት ኮምፒውተር በመጽዳቱ ብቻ ጉዳዩ አያልቅም፤ የተወሰደው ተወስዷል። ልጅቷ ፓስወርዶቿን ሁሉ የቀየረችው በእናቷ ስልክ ነው፣ በራሷ ላፕቶፕ አይደለም። መጀመሪያ ኢሜይሏን፤ የሌሎቹ ሁሉ መክፈቻ እሱ ነውና። ቀጥሎ የቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብታ የገቡበትን መሣሪያዎች ዝርዝር አየችና ከራሷ ስልክ በቀር ሌላውን ሁሉ አስወጣች። በሁለቱም ላይ ሁለተኛ የማረጋገጫ ኮድ አበራች።

ለዚህ ላፕቶፕ ወዳጄ በመጨረሻ ፎርማትን ራሱ አዘዘ። ፓስወርድ የሚሰርቅ ወይም ከርቀት የሚቆጣጠር ፕሮግራም የተገኘበት ማሽን ሙሉ በሙሉ የሚታመነው እንደ አዲስ ሲጫን ነው። ልዩነቱ ያለው በቅደም ተከተሉ ነው። ጽሑፎቿና ፎቶዎቿ ተመርምረው ወደ ሁለት ቦታ ተገለበጡ፤ ፕሮግራሞች አልተገለበጡም። ዊንዶውሱ በንጹሕ ኮምፒውተር ከማይክሮሶፍት ገጽ ወረደ፤ ከሱቅ በመጣ፣ ማን ምን እንደጨመረበት በማይታወቅ ቅጂ አልተጫነም። ፍላሾቹ ቀድመው ጸዱ፣ የወንድሟም ጭምር። ይህ ሳይሆን ፎርማት ማድረግ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፤ አዲሱ ዊንዶውስ በመጀመሪያው ፍላሽ ይያዛል።

አፕዴትንም አብርቶ ሄደ። ዳታ ውድ ነው ብሎ አፕዴትን መዝጋት ከዳታው ይበልጥ ያስከፍላል። ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ትል እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 ዓለምን ሲያጥለቀልቅ፣ ትሉ የተጠቀመበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት ከዘጋው ሁለት ወር ሊሞላ ነበር። አፕዴት ያደረጉት ዳኑ። ዛሬም ብዙ ቤት ያለው ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን የማይሸከም፣ የፈቃድ ዋጋም የሚከብድ ከሆነ፣ ሊኑክስ ሚንትና ሊብሬ ኦፊስ በነጻና በሕጋዊ መንገድ ይገኛሉ። ለደሃ ተማሪ ከክራክ የተሻለ መንገድ አለ።

ምንጩ ጋ

ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ወዳጄን ይዛ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄደች። እኔም ተከተልኳቸው። ጠብ የሚነሳ መስሎኝ ነበር። ባለቤቱ ነገሩን ሲሰማ ወንበር አቀረበ። «እኔም ተቸግሬአለሁ» አለ። «ተማሪው ሁሉ እኔን ይወቅሳል። በወር ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደርጋለሁ፤ በሳምንቱ ይመለሳል።»

በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚሰካበት ለሚያውቅ ይህ አይገርምም። የእያንዳንዱ ተማሪ ፍላሽ ከዚያ ኮምፒውተር ይወስዳል፣ ለዚያ ኮምፒውተርም ይሰጣል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚቀጣው ጉዳት እንደሚያደርስ እያወቀ የሚያሰራጭን ነው፤ ይህ ሰው ግን እንደ ደንበኞቹ ሁሉ ሕመምተኛ ነው። ወዳጄ ቅዳሜ ያደረገውን በዚያው ቅደም ተከተል ደገመው፤ ጠየቀ፣ አስቆመ፣ መረመረ፣ አጸዳ። ገንዘብ አልተቀበለም። ባለቤቱ በእስክሪብቶ በወረቀት ጽፎ ከፕሪንተሩ በላይ ለጠፈ፤ «ፍላሽ ከመከፈቱ በፊት ስካን ይደረጋል። ከቻሉ በቴሌግራም ይላኩ።»

ረቡዕ ልጅቷ ጽሑፏን ፕሪንት ልታስደርግ ስትሄድ ፍላሽ አልያዘችም። ፋይሉን በፒዲኤፍ ልካለች፤ አንድ ቅጂ ኢሜይሏ ላይ፣ አንድ ቅጂ እናቷ ዴስክቶፕ ላይ አለ። ከፊቷ የተሰለፈ አንድ ልጅ ፍላሹን ሰጠ። ባለቤቱ ስካን አድርጎ ሲከፍተው የፎልደሮቹ ምስሎች ስክሪኑ ላይ ወጡ። የእህቴ ልጅ ከሰልፏ ጎንበስ ብላ የእያንዳንዱን የታችኛውን ግራ ጥግ ተመለከተች።

«ደህና ነው» አለችው ልጁን፤ «ቀስት የለውም።»